ዱባን በጓሮ ማብቀልና እስከ ፋሲካ ማቆየት



በዚህ ዕትም ሁላችንም ስለምናውቀው፣ ነገር ግን ብዙዎቻችን በሚገባ ስላልያዝነው አንድ የጓሮ ተክል ልናወያያችሁ እንወዳለን። ይህም ተክል ዱባ ነው። ዱባን ማብቀል እምብዛም አያስቸግርም፤ ክረምት ሲገባ ጥራጊ በተጣለበት ጥግ ሁሉ ማንም ሳይዘራው ሲበቅል እናየዋለን። ችግሩ የሚመጣው ከተቆረጠ በኋላ ነው። በኅዳር ወር በየቤቱ የተትረፈረፈው ዱባ ጥር ሳያልቅ ይበሰብሳል፤ ቤተሰቡም አብዝቶ በሚፈልገው ጊዜ ያጣዋል። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብ አንድ ነው፤ የዱባ ሥራ ግማሹ በጓሮ፣ ግማሹ ደግሞ ከጓሮ ከወጣ በኋላ ነው።

የምንሠራበትን አካባቢ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከቀበናና ከፈረንሳይ ለጋሲዮን አንሥቶ እስከ ኮተቤ፣ ወደ ላይም እስከ እንጦጦ ተዳፋት ድረስ፣ በየካ ክፍለ ከተማ ጥቂት ካሬ ሜትር ጓሮ ያላቸው ብዙ ቤተሰቦች ይኖራሉ። በክረምት ጓሯቸው ጎመንና ቆስጣ አያጣም። ዝናቡ መስከረም ላይ ሲያበቃ ግን አፈሩ እየደረቀ ይሄዳል፤ ታኅሣሥ ላይ ጓሮው ባዶ ይሆናል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በጀሪካን የተጠራቀመውን ውሃ ለጎመን የሚያፈስ የለም። እንግዲህ ከጥር እስከ መጋቢት ድረስ አትክልት የሚገኘው በገንዘብ ብቻ ነው። ዱባ ከሌሎቹ አትክልቶች የሚለየው በዚህ ነው። የክረምቱን ውሃ ጠጥቶ በጠንካራ ልጣጩ ውስጥ ይዞት ይቆያል። በሚገባ ከተያዘ የሐምሌን ዝናብ በመጋቢት እንበላዋለን ማለት ይቻላል።

ከስሕተታችን የተማርነው

ይህን የምንጽፈው ከራሳችን ስሕተት ተምረን ነው። በመጀመሪያው ዓመት ለቤተሰቦች የዱባ ዘር አከፋፈልን፤ ጉድጓድ እንዴት እንደሚቆፈር፣ ፍግ እንዴት እንደሚጨመር አስተማርን። ስለ አቀማመጡ ግን አንድም ቃል አልተናገርንም። ምርቱ ደስ የሚያሰኝ ነበር። ልጆቹ ዱባውን እያጠማዘዙ ከሐረጉ ነቀሉት፤ በጆንያ ሞልተን ተሸከምነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ በሆነ አንድ ጎተራ ውስጥም አንዱን በአንዱ ላይ ከመርነው። ትንንሽ ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች ከጥር ጀምሮ እናድላለን ብለን ነበር። ከገና በኋላ በሩን ስንከፍት የተቀበለን ሽታው ነው። ከግማሽ የሚበልጠው ከሥሩ ውሃ ሆኖ ነበር። ቤተሰቦቹን ቀጥረናቸው ስለ ነበር ባዶ እጃችንን መቆማችን እጅግ አሳፈረን።

በዚያው ሳምንት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ባለው ዳገት የሚኖሩ አንዲት እናት ዘንድ ሄድን። እኚህ እናት በጉልበታቸው ዘመን ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወደ ገበያ እያወረዱ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ናቸው። ቀና ስንል ከጓዳቸው በላይ ባለው ቆጥ ላይ ዱባዎች በጭድ ላይ ተደርድረው አየን። ከኅዳር ጀምሮ የተቀመጡ ሲሆኑ አንዱም አልተነካም ነበር።

«እማማ፣ ምን ቢያደርጉት ነው እንዲህ የቆየልዎ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ልጆቼ፣ ዱባ እንደ ሕፃን ነው» አሉን። «እትብቱን ከሥሩ ከነቀላችሁበት ቁስሉ አይድንም። አስረዝማችሁ ቁረጡለት፤ ፀሐይ አሙቁት፤ ከዚያም ከመሬት አንሡት።»

የግብርና ባለሙያዎች በየመጽሐፉ የሚጽፉት ይህንኑ ነው። እኛም ከዚያ ወዲህ የምናስተምረው እነዚህን ሦስት ነገሮች ነው። ከዚህ በታች ከዘሩ ጀምረን በየተራ እናስረዳለን።

ዱባ ለቤተሰብ የሚሰጠው ጥቅም

የዱባ ሥጋ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ የሆነው ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር ስላለበት ነው። ይህ ቫይታሚን ለዓይን ጤናና በሽታን ለመቋቋም ያስፈልጋል። በጣም ሲጎድል ልጆች ሲመሽ ማየት ይሳናቸዋል፤ ይህም ዳፍንት የምንለው ነው። የሥጋው ቀለም በደመቀ መጠን ንጥረ ነገሩ ይበዛል። በሰውነታችን ውስጥ በሚገባ እንዲሠራ ደግሞ ከጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ጋር ሊበላ ይገባል። ውሃ ብቻ የተቀቀለ ዱባ ከሚበላ ሕፃን ይልቅ በማንኪያ ዘይት የተለወሰ የሚበላው የበለጠ ይጠቀማል። ስድስት ወር የሞላው ሕፃን ከእናት ጡት ጋር በደንብ የተፈጨ ዱባ መጀመር ይችላል፤ ለብቻው ግን ስለማያጠግብ ከገንፎ ጋር ቢደባለቅ ይሻላል።

ዱባ ከባቄላና ከአተር ይልቅ ቶሎ ስለሚበስል ማገዶ ይቆጥባል። ፍሬው ታጥቦ ደርቆ ከተቆላ ዘይትና ፕሮቲን ያለው ጥሩ ቁርስ ነው። በአገራችን ደቡብ ባሉ አንዳንድ አካባቢዎች ለጋ ቅጠሉም እንደ ጎመን ተቀቅሎ ይበላል። በዐቢይ ጾም ሳምንታት ደግሞ የዱባ ወጥ በብዙ ጎረቤቶቻችን ማዕድ ላይ ስለሚቀርብ፣ ተርፎ የተገኘ ዱባ በጉልት ገዢ አያጣም።

ዘር መምረጥ

«ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» እንዲሉ፣ ሁለቱ ዘመዳሞች ቢሆኑም አንድ አይደሉም። ቅል ከጥንት ጀምሮ በአፍሪካ የኖረ ሲሆን፣ ዱባ ግን ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው። ዱባም ራሱ ከአንድ ወገን የበለጠ አለው። አንዳንዱ ልጣጩ ስስ፣ ሥጋውም ነጣ ያለና ውሃ የበዛበት ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ወር በላይ አይቆይም። ልጣጩ ወፍራም፣ ሥጋው ደማቅና ጥቅጥቅ ያለው ከአራት እስከ ስድስት ወር ሊቆይ ይችላል። እኛ የምንፈልገው ይህንን ነው።

ጥሩ ዘር ለማግኘት የሚያስቸግር ነገር የለም። ዱባ የሚቆይላቸውን ጎረቤቶች ፈልጉ፤ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ከሚቆርጡት ዱባ ላይ ፍሬውን ለምኑ። እስከዚያ ወር ሳይበሰብስ የቆየ ዱባ ዘሩም የሚቆይ የመሆን ዕድል አለው። በየዓመቱ መጨረሻ ላይ ከቆየው ዱባ ዘር የሚይዝ ቤተሰብ ሳያውቀው የዘር ማሻሻል ሥራ ይሠራል። ፍሬውን አጥባችሁ በጥላ ሥር አድርቁ፤ በወረቀት ወይም በጨርቅ ጠቅልላችሁ ዓይጥ በማይደርስበት ደረቅ ቦታ አኑሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ከጓሯችሁ አጠገብ ዙኩኒ የሚዘራ ካለ፣ ንቦች ብናኙን ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚያደርሱ አንዳንድ የዱባ ዓይነቶች ከእርሱ ጋር ይዳቀላሉ። የዚያ ዓመት ዱባ አይለወጥም፤ ከዘሩ የሚበቅለው ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ዱባ ሲቀመስ መራራ ከሆነ፣ ማንም ይሁን የዘራው፣ አትብሉት፤ ለልጆችም አትስጡ። መራራነቱ ሆድ የሚያሳምም መርዝ ምልክት ነው፤ በመቀቀልም አይጠፋም።

ቦታና ጉድጓድ

ዱባ ፀሐይ ይወዳል። በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ምረጡለት። ከባሕር ዛፍ ሥር ግን አትትከሉ። ከ1880ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ እንጦጦን የሸፈነው ይህ ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ባለውለታችን ነው፤ ነገር ግን ሥሩ በአካባቢው ያለውን ውሃ ይመጥጣል፣ ቅጠሉም የወደቀበትን አፈር ለሌላ ተክል አያመችም።

ለአንድ ተክል ስፋቱ 60፣ ጥልቀቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍሩ። የላይኛውን አፈር ለብቻ አስቀምጡት፤ ከሁለት ባልዲ የተብላላ ፍግ ወይም ብስባሽና ከአንድ ጭብጥ የእንጨት አመድ ጋር ደባልቃችሁ መልሱት። ትኩስ እበትና ትኩስ የዶሮ ኩስ ሥሩን ስለሚያቃጥሉ ቢያንስ ሦስት ወር ሳይብላሉ አይጨመሩ። በአንድ ጉድጓድና በሌላው መካከል ሁለት ሜትር ርቀት ይኑር። ጓሮው ጠባብ ከሆነ ሐረጉን በአጥር ላይ ማውጣት ይቻላል፤ የተንጠለጠለውን ዱባ ግን በአሮጌ ጨርቅ አቅፋችሁ ከአጥሩ ጋር እሰሩት።

በዳገቱ ላይ ላላችሁ፣ ጎርፍ ፍጉን ይዞ እንዳይሄድ ከጉድጓዱ በታች በኩል በግማሽ ክብ የአፈር እርከን ሥሩ። በረባዳው ቦታ፣ ውሃ በሚይዘው ጥቁር አፈር ላይ ላላችሁ ደግሞ አሠራሩ ተቃራኒ ነው፤ አፈሩን አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርጋችሁ በጉብታው ላይ ዝሩ። ዱባ ውሃ ይወዳል፤ ሥሩ ውሃ ውስጥ ከዋለ ግን ይበሰብሳል።

መቼ ይዘራል

በአገራችን ደጋ ላይ የዱባ ጠላት ብርድ ነው። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በግማሽ ዲግሪ ከዚያም በጥቂት በሚበልጥ መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ካለው ከመገናኛ አካባቢ 3,000 ሜትር ወደሚያልፈው የእንጦጦ አናት ሲወጣ ወደ አራት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ በላይኛው ሰፈር ውርጭ ይጥላል፤ ውርጭ የነካው ቅጠል በአንድ ሌሊት ይጠቁራል፤ ውርጭ የነካው ዱባም አይቆይም። ዱባው ከውርጭ በፊት እንዲበስል ከፈለግን የክረምቱን መግባት ሳንጠብቅ መጀመር አለብን።

በታችኛው ሰፈር ያላችሁ ከግንቦት መጀመሪያ እስከ ግንቦት አጋማሽ በቀጥታ በጉድጓዱ ዝሩ፤ ዝናቡ እስኪበረታ በዕቃ ማጠቢያ ውሃ ማቆየት ይቻላል፤ ሳሙና የበዛበት ግን አይሁን። በላይኛው ሰፈር ያላችሁ በሚያዝያ አጋማሽ ከሥሩ በተበሳ ጣሳ ውስጥ ዝራችሁ በምድጃ አጠገብ አብቅሉት፤ አራት ቅጠል ሲያወጣ አፈሩ ሳይፈርስ አውጥታችሁ ፀሐይ በሚያገኝ ግድግዳ ሥር ትከሉት። ግድግዳው ቀን የሞቀውን ሙቀት ማታ ይመልስለታል። በአንድ ጉድጓድ ሦስት ፍሬ ዝሩ፤ ሲበቅሉ ጠንካራውን አንዱን አስቀሩ።

ችግኙ ለጋ ሳለ ቆራጭ ትል ሌሊት ከአንገቱ ይቆርጠዋል። በዙሪያው አመድ መነስነስ፣ ወይም ሁለት ወገኑ የተከፈተ ጣሳ በአፈር ውስጥ ጥቂት ቀብሮ ማጠር ይረዳል። በኮረብታው ላይ ጃርት ስላለ አጥሩ ከሥሩ ጭምር መጠበቅ አለበት፤ ጃርት ዱባ አይምርም።

አበባው ለምን ይረግፋል?

«ዱባዬ አበባ ያወጣል፣ ፍሬ ግን አይዝም» የሚል ጥያቄ በየዓመቱ ይቀርብልናል። መልሱ በአበባው ዘንድ ነው። የዱባ ሐረግ ሁለት ዓይነት አበባ ያወጣል። ወንዴው በቀጭን ረጅም ዘንግ ላይ ይቆማል፤ ሴቴዋ ከአበባዋ ሥር ትንሽ ዱባ ይዛ ትታያለች። መጀመሪያ የሚወጡት ብዙ ጊዜ ወንዴዎች ስለሆኑ ቢረግፉ አትደንግጡ። ሴቴዋ ስትወጣ ንብ ከወንዴው ብናኝ አምጥታ ካላደረሰችላት ግን ትንሿ ዱባ ቢጫ ሆና ትወድቃለች። አበባው የሚከፈተው ለአንድ ማለዳ ብቻ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ማለዳ ደግሞ ዝናብና ጉም ስለሚሆን ንብ አትወጣም።

ስለዚህ የንቧን ሥራ እኛው መሥራት አለብን። ማታ ላይ በነጋታው የሚከፈቱትን አበባዎች ጫፋቸው ቢጫ ሆኖ ታውቋቸዋላችሁ። የራሰ ብናኝ ስለማይሠራ፣ ከወንዴም ከሴቴም አንዳንድ መርጣችሁ በሰፊ ቅጠል ወይም በተገለበጠ ጣሳ ከዝናብ ከልሉ። ጠዋት በአንድና በሦስት ሰዓት መካከል ወንዴውን ቀጥፋችሁ፣ ቅጠሎቹን አንሥታችሁ፣ በመካከሉ ያለውን ብናኝ በሴቴዋ መካከል ቀስ አድርጋችሁ አሽሹ። ሥራው የአንድ ደቂቃ ነው። ልጆች ይህን ሥራ በጣም ይወዱታል፤ እንዲጫወቱበት ሳይሆን እንዲጠነቀቁለት ንገሯቸው።

ዱባ ከአበባው ቀን ጀምሮ ለመብሰል ከ50 እስከ 60 ቀን፣ በብርድ ቦታም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ የሚይዘው ፍሬ ለማስቀመጥ አይደርስም። በአንድ ሐረግ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዱባ ከያዘ በኋላ የሐረጉን ጫፍ ቅጠፉ፤ ኋላ የመጡትን ለጋ ዱባዎች እንደ ዙኩኒ ከትፋችሁ ወጥ ሥሩባቸው። በመሬት ላይ የተኛውን እያንዳንዱን ዱባ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ደረቅ ጭድ አድርጉለት። ከእርጥብ አፈር ጋር የዋለ ጎን በኋላ መበስበስ የሚጀምርበት ጎን ነው።

ዝናቡ ሲያበቃ በቅጠሉ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ሻጋታ ይታያል። በመስከረም መጨረሻ ከመጣ የከፋ ጉዳት አያደርስም፤ ቀድሞ ከመጣ ግን የታመሙትን አሮጌ ቅጠሎች አንሥታችሁ ከጓሮው አርቁ። በሐረጉ መካከል አየር እንዲያልፍ ማድረግ ከሁሉ ይሻላል።

መቁረጥ

ዱባ መድረሱ በሦስት ነገር ይታወቃል። አንደኛ፣ ከሐረጉ ጋር የሚያያይዘው አንገት ደርቆ እንደ እንጨት ይሆናል። ሁለተኛ፣ የልጣጩ ማብረቅረቅ ይጠፋል፤ በጥፍር ሲጫኑትም ጥፍር አይገባም። ሦስተኛ፣ በመሬት የተኛበት ጎን ከነጭነት ወደ ቢጫነት ይለወጣል። ጥፍር የሚገባበትን ዱባ ብሉት እንጂ አታስቀምጡት።

በደረቅ ቀን፣ በስለታም ቢላዋ፣ ከዱባው በላይ ከአምስት እስከ አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል አንገት አስቀርታችሁ ቁረጡ። አትንቀሉ፤ አታጠማዝዙ። አንገቱ የወለቀ ዱባ በሥጋው ላይ ክፍት ቁስል አለውና ሻጋታ በዚያ ይገባል። በአንገቱም ይዛችሁ አትሸከሙት፤ ከሥሩ በሁለት እጅ እንደ ሕፃን ያዙት። ከጆንያ ይልቅ ጭድ በተነጠፈበት ቅርጫት ይጓጓዝ። ሲወድቅ ከላይ ባይሰነጠቅም ውስጡ ይቀጠቀጣል። አፈር ካለበት በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት እንጂ አትጠቡት።

ፀሐይ ማሙቅ

ከተቆረጠ በኋላ ዱባውን ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን በሙቀትና በነፋስ ማቆየት ይገባል። በዚህ ጊዜ ልጣጩ ይጠነክራል፤ ጥቃቅን ጭረቶች ይደርቃሉ፤ አንገቱ ይዘጋል። በደረቅ ጭድ ወይም በቃሬዛ ላይ፣ ወደ ደቡብ በዞረ ግድግዳ ሥር፣ አንዱ ሌላውን ሳይነካ ደርድሩት፤ በየሁለት ቀኑ አገላብጡት። ሲመሽ ውርጭና ጤዛ እንዳይነካው ወደ ቤት አስገቡት፤ ብዙ ከሆነም በወፍራም ጨርቅና በጭድ ሸፍኑት። በጥቅምት ያልታሰበ ዝናብ ከመጣ በማድ ቤት ውስጥ ከምድጃው ራቅ ብሎ ማሙቅ ይቻላል።

በዚያ በመጀመሪያው ዓመት ጨርሶ ያልሠራነው ይህንን ነበር። ሁለት ሳምንት ብዙ ይመስላል፤ አራት ወር የሚያተርፈው ግን ይህ ሁለት ሳምንት ነው።

ማስቀመጥ

ለዱባ የሚስማማው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ የሚሆን ቀዝቀዝ ያለ፣ ደረቅና ነፋስ ያለው ጨለማ ክፍል ነው። በዚህ ረገድ የአዲስ አበባ አየር ያግዘናል፤ በብዙ ቤቶች ያለው ጓዳ በበጋ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ከ10 ዲግሪ በታች ለብዙ ሳምንት ከቆየ ግን ብርዱ ይጎዳዋል፤ ስለዚህ በላይኛው ሰፈር ከቆርቆሮ ግድግዳ አርቃችሁ በማድ ቤቱ በኩል ባለው ግድግዳ አጠገብ አድርጉት።

በቆጥ ወይም በእንጨት መደርደሪያ ላይ፣ በጭድ ላይ፣ በአንድ ረድፍ ብቻ ይቀመጥ። አይከመር፤ አይነካካ። በሲሚንቶ ወለል ላይ፣ በላስቲክ ውስጥ፣ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ አይሁን፤ እርጥበት ይሰበስባል። ከሙዝና ከሌላ ከሚበስል ፍራፍሬ ጋርም አታድርጉት፤ ከፍራፍሬው የሚወጣው አየር ዱባውን ቶሎ ያስረጀዋል። በልጣጩ ላይ የተቆረጠበትን ቀን በከሰል ጻፉበት። በየሳምንቱ አንድ ጊዜ እያነሣችሁ ሥሩን እዩ፤ የለሰለሰ ካለ በዚያው ቀን አውጡት፤ ያልተበላሸው ወገን ሽታውም ጣዕሙም ደኅና ከሆነ ቀቅሉት። አንድ የበሰበሰ ዱባ ጎረቤቱን ይዞ ይሄዳል።

የአበላሉን ቅደም ተከተል ደግሞ ከመጀመሪያው ወስኑ። አንገቱ የተሰበረውን፣ የተጫረውንና ትንሹን በኅዳርና በታኅሣሥ ብሉ። ልጣጩ ስስ የሆነውን እስከ ጥር ጨርሱ። አንገቱ ደኅና የሆነውን፣ ከባዱንና ጠንካራውን ለየካቲትና ለመጋቢት አቆዩ። ብዙ ሰው መልካሙን አስቀድሞ ይበላና ደካማውን ያስቀምጣል፤ ኋላም ዱባ አይቆይም ይላል። ዱባ በተቀመጠ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በውስጡ ያለው ስታርች ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ይጣፍጣል፤ ከልክ በላይ ሲቆይ ግን ውሃና ጭረት ይበዛበታል።

ትልቅ ዱባ አንድ ጊዜ ከተቆረጠ በጥቂት ቀን ውስጥ መበላት አለበት። ማቀዝቀዣ ለሌለው ቤተሰብ ሦስትና አራት ጎረቤት ተራ ገብቶ በየሳምንቱ አንድ ዱባ ቆርጦ ቢካፈል ሁሉም ትኩስ ይበላል። የተረፈውን በስሱ ቆራርጦ፣ በፈላ ውሃ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ነክሮ፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ በፀሐይ ማድረቅ ይቻላል። እንደ ቅንጣቢ እንጨት ሲሰበር ደርቋል ማለት ነው፤ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ።

ለፕሮጀክት ሠራተኞችና ለምእመናን

እኛ ከዚያ ወዲህ ዱባን በአንድ ጎተራ መሰብሰብ ትተናል። በየቤቱ ቆጥ ላይ የተቀመጠ ዱባ ባለቤቱ በየቀኑ ያየዋል፤ በጋራ ጎተራ የተቆለፈውን ግን ማንም አያየውም። የምናድለው ዘር ካለ በዚያው ቀን ስለ አቀማመጡም እናስተምራለን፤ በጥቅምት መጨረሻም ዳግመኛ እየዞርን የመቁረጫውን ጊዜ እናሳስባለን። የጸሎት ቤት ግቢ ያላችሁ ምእመናን በአንድ ጥግ ሁለትና ሦስት ጉድጓድ ብታዘጋጁ ጓሮ ለሌላቸው ይሆናል። ከሁሉ በላይ ግን በየሰፈራችሁ ዱባ የሚያቆዩ አረጋውያንን ፈልጋችሁ ጠይቁ። እኛ አስቀድመን ጠይቀን ቢሆን ያ ሁሉ ዱባ ባልጠፋ ነበር።

የዓመቱ ሥራ በአጭሩ

መጋቢትና ሚያዝያ፦ ከቆየው ዱባ ዘር መያዝ፤ ጉድጓድ ማዘጋጀት፤ በላይኛው ሰፈር በጣሳ መዝራት።

ግንቦት፦ በታችኛው ሰፈር መዝራት፤ በላይኛው ችግኙን መትከል።

ሐምሌና ነሐሴ፦ አበባውን በእጅ ማዳቀል፤ ከዱባው ሥር ድንጋይ ወይም ጭድ ማድረግ።

መስከረም፦ የሐረጉን ጫፍ መቅጠፍ፤ ኋላ የመጣውን ለጋ መብላት።

ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር፦ ከውርጭ በፊት አንገቱን አስረዝሞ መቁረጥ፤ ሁለት ሳምንት ማሙቅ።

ከታኅሣሥ እስከ ፋሲካ፦ በየሳምንቱ ማየት፤ ደካማውን አስቀድሞ፣ ጠንካራውን በኋላ መብላት።

እኚያ እናት በሚያዝያ ወር መጨረሻ የቀረችውን አንዷን ዱባ ቆርጠው ግማሹን ለጎረቤት ልጆች ሰጡ፤ ፍሬውንም በወረቀት ጠቅልለው ለእኛ ሰጡን። ዘንድሮ የምናድለው ዘር ከዚያ የወጣ ነው። የምትፈልጉ ሁሉ ከሚያዝያ አጋማሽ በፊት በየጣቢያችሁ ጠይቁ፤ አሥር አሥር ፍሬ ይደርሳችኋል። የእናንተም ዱባ እስከ ፋሲካ ከቆየ፣ ፍሬውን ለሌላ ጎረቤት ማካፈልን አትርሱ።